ቅዳሜ ማታ የተደወለ ስልክ

ጋሼ የደወሉልኝ ቅዳሜ ማታ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔንም 8ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምረውኛል። ሰላምታውን አሳጠሩና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ልጄ፣ ቴስታታዋን ቤት መጥተህ ልታወርድልኝ ትችላለህ? ጋራዥ ላድርሳት ብልም መንገድ ላይ ትፈላብኛለች።»

ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ኮሮላቸው 98 ሞዴል ናት። ሦስት ወር ሙሉ አንገላታቻቸው። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ አዲስ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን በር) አስገባላት፤ አልተሻላትም። ሌላው «ለኛ አገር አየር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን ጭራሽ አወጣው። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ተቀየረ። ሦስተኛው ሰው ውሃው እየጎደለ የሚያፈስበት ቦታ ግን ስላልታየው «የቴስታታ ጋስኬት ነው» አላቸው፤ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ ተበላ ማለቱ ነው። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ከጡረታ ደመወዝ ላይ ቀስ እያሉ እያጠራቀሙ ነበር።

«ነገ ጠዋት 1 ሰዓት እመጣለሁ» አልኳቸው። «እስከዚያ ግን እንዳያስነሷት። ላጥባት ብለው እንኳ እንዳያንቀሳቅሷት።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ ስሠራ አንዲት ፒካፕ እየጨሰች ገባች። የግቤን ዳገት ወጥታ፣ ሳጃንና ሰኮሩን አልፋ፣ እየቆመች እየተነሳች ነው የደረሰችው። እኔ ሌላ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። ከዚያው ሆኜ ረዳቴን «ክዳኑን እየው!» አልኩት። ገና 17 ዓመቱ ነበር። እኔ ስትቀዘቅዝ ማለቴ ነው። እሱ የሰማው አሁኑኑ ብሎ ነው። ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ትንሽ አዞረው።

ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሃው ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ፣ ከዚያም አንገቱን ላጠው። ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው። ዳነ፤ ዛሬ የራሱ ሥራ አለው። ጠባሳው ግን ክንዱ ላይ አለ። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ትኩስ ሞተር አጠገብ ላለ ልጅ ግማሽ ትእዛዝ ሰጥቼ አላውቅም።

በዚያ ክዳን ሥር የሚሆነውን ነገር ሁሉም ባለመኪና ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 94 ገደማ ላይ ነው። የራዲያተር ክዳን ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም። 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ደህና ክዳን የጅማን ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስለዚህ ሞተሩ በጣም በሞቀበት ሰዓት ውስጥ ያለው 105 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ማፈኛው በአንዴ ይጠፋል። ውሃው በቅጽበት ይፈላና ከእንፋሎት ጋር ወደ ላይ ይተኮሳል። ረዳቴን ያገኘው ይህ ነው።

እሑድ ጠዋት ጋሼ ቤት ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ኮሮላዋ ሥሩ ቆማለች። እትዬ ቡና እየቆሉ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ መዳፌን ራዲያተሩ ላይ አሳረፍኩ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከእኔ በፊት የነኳት መካኒኮች ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ነገር ግን መኪና ጋራዥ የምትደርሰው ትኩስ ሆና ነው። ወረፋ አለ፣ ባለቤቱ ይቸኩላል፣ ክዳኑ አይከፈትም። ስለዚህ እጅ የሚሄደው ወደሚፈታው ነገር ነው። ሌሊቱን ያደረች መኪናን የሚያያት ባለቤቱ ብቻ ነው። የሙቀት ችግር ደግሞ ብዙውን ነገር የሚናገረው በጠዋት፣ ገና ሳይነሳ ነው።

ክዳኑን ከፈትኩት። ውሃው ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጬ አየሁ፤ ወተት የመሰለ ነገር የለበትም። ዘይቱም ንጹሕ ነው፤ ውሃ አልገባበትም። ከዚያ የመጠባበቂያውን ውሃ የሚይዘውን ፕላስቲክ ዕቃ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን ፈተሽኩ። ከሥሩ፣ ከፓራፋንጎው በስተውስጥ፣ ዝገት የመሰለ የደረቀ መስመር ወደ ታች ወርዷል። ብዙ ጊዜ ፈስሶ ብዙ ጊዜ የደረቀ ነው።

«ጋሼ፣ የጠፋው ውሃ ይኸው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ዝም ብለው አዩት።

ለጥንቃቄ ራዲያተሩን ሞላሁና ክዳኑ ክፍት እንደሆነ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት አስነሳኋት። ጋስኬቱ ቢሆን ኖሮ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው አየር እዚያ አፉ ላይ እየተንተከተከ ይወጣ ነበር። ምንም የለም። አጥፍቼ ከደንኩትና እንደገና አስነሳኋት። ቴርሞስታት ስለሌላት ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። እትዬ ሁለተኛውን ቡና ቀዱልን።

ጌጁ ከፍ ማለት ሲጀምር የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ጨበጥ አደረግኩት። ይህን የሚሞክር ሰው እጁንም ልብሱንም ከቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ማራገቢያ) ያርቅ፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነሳው። ጋስኬት የተበላበት ሞተር ቱቦው ገና ሳይሞቅ ይደድራል። ጤነኛ ሞተር ሲሆን ደግሞ በደንብ ሲሞቅ ጠንከር ይላል። የጋሼ መኪና ቱቦ ግን ትኩስ ሆኖም ለስላሳ ነው። እንደ በሰለ ማንጎ ይጨመቃል። ግፊቱ እየያዘ አይደለም ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ፕላስቲኩ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቬንትሌተሩ ገና አልተነሳም ነበር።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ኮሮላዎች ቬንትሌተሩ የሚነሳው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ደግሞ ውሃው ጅማ ላይ በ94 ይፈላል። መሃላቸው ያለው 1 ዲግሪ ነው። ሜዳ ላይ ስትነዳ ነፋሱ ያግዝሃል። ዳገት ሲመጣ ግን ቬንትሌተሩ ሥራውን በወጉ ሳይጀምር ውሃው ፈልቶ በፕላስቲኩ ይወጣል። የሚንጠባጠበው እየነዳህ ስለሆነ ቤት ስትገባ የሚታይ ፍሳሽ የለም።

አጥፍተን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ክዳኑ ሲወርድ ገልብጬ አሳየኋቸው። ጎማው ደርቆ አንድ ቦታ ላይ የግማሽ ጥፍር ያህል ተሰንጥቋል። ሞላውን በአውራ ጣታቸው እንዲጫኑት ሰጠኋቸው፤ ያለ ምንም ትግል ገባ። ከቦርሳዬ አዲሱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሁለት እጅ ካልሆነ አይገባም።

«ይኼን ማንም አላየውም?» አሉ።

አላየውም። ሦስት ወር።

ቴርሞስታቱ ቀረ። ጋሼ ነገር አይጥሉም። መጀመሪያ የወጣውን አሮጌውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠውታል። ላዩ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። እትዬ ትንሽ ድስት ሰጡን። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን፣ ቴርሞሜትሬን ከጎኑ አድርገን ጣድነው። ጋሼ ልክ እንደ ክፍል ውስጥ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩ ጀመር። 78፣ 80፣ 81። 83 ላይ አፉን በቀስታ ከፈተ። ከእሳት ስናወርደው መልሶ ዘጋ።

ድሮም ምንም አልሆነም ነበር። ጋሼ ድስቱን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አዘንኩ። አንድ ጀበና ውሃ የሚፈላበት ጊዜ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ቴርሞስታት አያስፈልግም የሚባለውን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለ እሱ ሞተሩ ሜዳ ላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። ዳገት ላይ የሚያፈላውን ነገር ደግሞ አያድነውም።

አሮጌውን በአዲስ የጎማ ቀለበት፣ ትንሿን ፒን ወደ ላይ አድርጌ መለስኩት። የዛገውን ውሃ አውጥተን ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሞላን። አየሩ እንዲወጣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ የውስጡ ማሞቂያ በርቶ አስነሳን፤ ውሃው ዝቅ ሲል እየጨመርን። ክዳን ስትገዙም እባካችሁ ቁጥሩን እዩ። «አፉ ከገጠመ ይሆናል» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። 0.9 ላይ 1.1 ቢገጠም ያረጀ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ራሳቸው እየነዱ ጅሬን ወጣን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ። ዓይናቸው ከመንገዱ ይልቅ ጌጁ ላይ ስለሆነ «ጋሼ፣ እኔ አያለሁ፤ እርስዎ ይንዱ» አልኳቸው። መርፌዋ ከግማሽ በታች ቆማ ቀረች። ላይ ስንደርስ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨበጥኩት። ደድሯል።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ግቤ ድረስ ቁልቁል፣ ከዚያ በሙቀት ዳገት የሆነውን መንገድ። እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ወልቂጤ ነኝ። አንዴም አልቆምኩም። አሁን ኮፈኑን ከፍቼ ውሃዋን እያየሁ ነው።»

«ጋሼ፣ ክዳኑን እንዳይነኩት!» ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ አጠገቤ ያሉት ልጆች ዞር ብለው አዩኝ።

«ምን ነካህ? ከፕላስቲኩ ነው የማየው» አሉ። «ከሁለቱ መስመር መሃል ናት።»