አላታ ነው ወይስ ቬንትራታ?

ደሴ ውስጥ ኔፔንቴስ፣ ማለትም ቅጠሉ ጫፍ ላይ በሚያወጣው ማሰሮ መሰል ነገር ነፍሳት የሚያጠምደውን ተክል፣ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስሙን ማጣራት አለበት። የሚኖረውና የሚሞተው እዚያ ላይ ነው የሚለየው።

ፎቶ ስትልኩልኝ አንድ ቀይ ማሰሮ ብቻ አትላኩ። አንዱ ተክል ራሱ ሁለት ዓይነት ማሰሮ ያወጣል። አፈሩ አጠገብ ያሉት ሆዳቸው ሰፋ ይላል፣ ፊታቸው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ክንፍ አላቸው፣ ከቅጠሉ ጫፍ የሚመጣው ጅራትም ከፊት በኩል ይገባባቸዋል፤ ተክሉ አድጎ መንጠላጠል ሲጀምር ግን የሚወጡት ቀጠን ይላሉ፣ ክንፋቸው ይጠፋል፣ ጅራቱም ከኋላ ይሆናል። ይሄን የማያውቅ ሰው ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ይከራከራል። ቀለምንም አትመኑ፣ ብርሃን ሲበዛ ይቀላል።

በጣም የሚያምታቱት የፊሊፒንሶቹ ናቸው። አላታና ቬንትሪኮሳ የሚባሉትን ሁለት ዝርያዎች በ1837 እ.ኤ.አ. የሰየማቸው ማኑኤል ብላንኮ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ ነው። የቬንትሪኮሳ ማሰሮ መሃሉ ላይ ወገብ አለው፣ ቅጠሉም ያለ እጀታ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። አላታ ሆዱ ታች ነው፤ ከዚያ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅጠሉ እጀታ አለው። ክዳኑን ከሥር እዩት። መጋጠሚያው አጠገብ ጉብታ ካለ ቬንትሪኮሳ አይደለም።

አሁን ደግሞ ገበያው! "አላታ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቬንትራታ ነው፣ የቬንትሪኮሳና የግራሲሊፍሎራ ዲቃላ። ግራሲሊፍሎራ ለረጅም ጊዜ በአላታ ስም ስትጠራ ስለነበር ስሙ እስካሁን አልጠራም። ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ፣ ግን እንደ ቬንትሪኮሳ ያልጎላ ከሆነ ቬንትራታ ነው በሉ። ለእኛ ጥሩ ዜና ነው፣ ምክንያቱም ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል።

አምፑላሪያ ግን ሌላ ነገር ናት። ድቡልቡል ማሰሮዎቿ መሬት ላይ ተሰብስበው ነው የሚወጡት፤ ትንሿ ክዳን ወደ ኋላ ስለተቀለበሰች አፋቸው ክፍት ነው፣ ከላይ የሚረግፈውን ቅጠልም ይቀበላሉ። ቆላ ናት። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የደሴ ሌሊት አይሆናትም። ኮምቦልቻ ያላችሁም ቢሆን ህዳርና ታህሳስ ላይ ቤት አስገቧት፣ ሙቀት ካልተጨመረላት አዲስ ማሰሮ አታወጣም።