ኢሎይ፦ አንድ ደቂቃ ሰማይ፣ ሙሉ ቀን ሜዳ

አሪዞና ውስጥ የቶል መንገድ የለም። ይህን የነገረኝ ለፓራሹት ዝላይ ልምምድ በመጣሁበት ፊኒክስ ኤርፖርት፣ መኪና ኪራዩ ጋ ወረፋ ይዞ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው። የኪራይ ወረቀቴ ላይ «የቶል አገልግሎት» ተብሎ በቀን 12 ዶላር ከምናምን ተደምሮ ነበር። ሰውየው በጣቱ አሳየኝ። «ይሄ የሚከፈልበት መንገድ እዚህ ስቴት የለም፤ አሰርዢው» አለኝና ሻንጣውን እየጎተተ ሄደ። ለማሰረዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። የኪራዩ ሠራተኛ ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና አይልም፤ «ሲስተሙ ነው» ይላል። ያበሸቀኝ ገንዘቡ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ሰው አያውቅም ተብሎ መታሰቡ ነው። ቦሌ ላይ ባለታክሲ ዋጋ ቢቆልልብኝ ፊት ለፊት ነው። እከራከራለሁ፣ ይስቃል፣ እንስማማለን። ከሲስተም ጋር ምን ክርክር አለ?

ከዚያ በአይ-10 ሀይዌይ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በረሃ፣ የጥጥ እርሻ፣ ረጃጅም ቁልቋል። ኢሎይ በፊኒክስና በቱሳን መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መንገደኛው ቤንዚን ቀድቶ ያልፋታል። የፓራሹት ዘላይ ግን ከዓለም ዙሪያ ይጎርፍባታል፤ ስካይዳይቭ አሪዞና ያለው እዚህ ነውና። በዓለም ካሉት የዝላይ ሜዳዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

እኛ አገር ቤት፣ ማለቴ ቨርጂኒያ፣ የምንዘለው ኦሬንጅ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በታኅሣሥ ግን እዚያ መለማመድ ከባድ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ጫማው ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሬት ላይ 5 ዲግሪ ከሆነ፣ 13,000 ጫማ ላይ በሩ ሲከፈት ከዜሮ በታች 20 ይደርሳል። በዚያ ላይ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር የሚሆን ንፋስ አለ። ጣት ደንዝዞ እጀታ ማግኘት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቡድናችን ብሩን አጠራቅሞ ለፈረንጅ ገና ሳምንት ወደ ፀሐዩ መጣ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን አልረሳትም። ከሀይዌዩ ዳር አንድ ሞቴል ነው የያዝኩት። ማሞቂያው ሲነሳ ግድግዳው አብሮ ይንቀጠቀጣል። አጥፍቼው ስተኛ ብርዱ አስነሳኝ፤ በረሃ ሌሊት እንዲህ እንደሚበርድ ያላየው ሰው አያምንም። ብርዱን በብርድ ልብስ አሸነፍኩት ስል ደግሞ የዕቃ ባቡር መጣ። የባቡሩ ሐዲድ ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ጡሩምባውን ይነፋል፣ ፉርጎው አያልቅም፤ ሊነጋ ሲል ሌላ ይመጣል። በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ሜዳው ላይ ድንኳን ከተከሉት ጓደኞቼ ጋር ገባሁ። እዚያም ይበርዳል። ግን ሌሊት አንዱ ሲያስል ሌላው ብርድ ልብስ ይወረውርለታል። እኔ በሰው መሀል መብረድን እመርጣለሁ።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጀርባዬ ላይ የማዝለው ሁለት ፓራሹት ነው፣ ዋናውና መጠባበቂያው። ዋናውን ከያንዳንዱ ዝላይ በኋላ ራሴ አጥፋለሁ፤ ሲደክመኝ ለአጣፊ 10 ዶላር ገደማ ከፍዬ ይታጠፍልኛል። መጠባበቂያውን ግን መንካት አይፈቀድልኝም። ፈቃድ ያለው ሪገር (የፓራሹት ባለሙያ) በየ180 ቀኑ ዘርግቶ መርምሮ ያጥፈዋል፣ በቀይ ክርና በእርሳስ ማኅተም ያሽገዋል። ዋናው ፓራሹት ተጠላልፎ ቢከፈት አንዱን እጀታ ስስብ ከትከሻዬ ተላቆ ይሄዳል። ከዚያ መጠባበቂያው ይወጣል። ትከሻ ላይ ያሉት ሦስት ቀለበቶች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ትልቁ በመካከለኛው፣ መካከለኛው በትንሹ ተይዟል፤ ሸክሙ በየደረጃው እየቀለለ ስለሚመጣ ትንሿን ቀለበት አንድ ቀጭን ክር ይይዛታል። ቢል ቡዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራው ነው። እስከ ዛሬ የተሻለ አልመጣም።

ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ሰው ደግሞ ሳይፕረስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀርመን የወጣ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። 750 ጫማ ላይ ደርሰን ገና በከባድ ፍጥነት እየወደቅን ከሆነ፣ በትንሽ ፈንጂ የሚገፋ ምላጭ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ክር ይቆርጠዋል። ሰው እጀታ ሳይስብ ይድናል። ፈንጂ ስላለው ኤርፖርት ላይ የኤክስሬይ ፎቶውን የያዘች ካርድ አብራኝ ትዞራለች። ፓራሹት ይዞ መሳፈር ይፈቀዳል። ፈታሾቹ ይከፈት ካሉ ግን ባለቤቱ አጠገቡ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ መድረስ ነው። እኔ ሪጌን፣ ማለትም ሁለቱን ፓራሹት የያዘውን ዕቃዬን፣ ሻንጣ ክፍል አልሰጥም። ጭኔ ላይም ቢሆን ይዤው እሄዳለሁ።

ወደ ልምምዱ። የእኛ ዓይነት ዝላይ አራት ሰው ሆኖ በደረት እየወደቁ ቅርጽ መሥራት ነው። አምስተኛው ሰው ካሜራ ኸልሜቱ ላይ አድርጎ ከላያችን ይቀርጻል። በውድድር 16 ነጠላ ቅርጾችና 22 ጥንድ ቅርጾች አሉ፤ ዕጣ ይወጣል። ከአውሮፕላኑ ከወጣን ጀምሮ 35 ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆጠርልን። በዚያ ውስጥ በትክክል የተያያዘ ቅርጽ ሁሉ ነጥብ ነው። ዳኛ የሚያየው ቪዲዮውን ነው። ጣት ከቱታው መያዣ ትንሽ ከራቀች ነጥብ የለም።

ሰው ሰማይ ላይ የምንውል ይመስለዋል። አንድ ዝላይ አንድ ደቂቃ ናት። የቀረው ቀን መሬት ላይ ነው። መጀመሪያ ቆመን ቅርጹን እንራመደዋለን። ቀጥሎ መካኒክ መኪና ስር የሚገባበት ዓይነት ጎማ ያለው ሰሌዳ ላይ በደረታችን ተኝተን እንገፋፋለን። ክርን ይላጣል፣ አንገት ይደርቃል። ከዚያ ሜዳው ላይ የአውሮፕላን በር አምሳያ አለ፤ እዚያ ላይ ተንጠልጥለን «ዝግጁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ» እያልን መውጫውን ደጋግመን እንሠራለን። አራት ሰው ከበር በአንድ ትንፋሽ ካልወጣ ቅርጹ ገና ከመጀመሩ ይበታተናል። ትዊን ኦተር የምትባለው አውሮፕላናችን ውስጥ ደግሞ ዓይን ጨፍነን በሐሳብ እንዘለዋለን። ስንወርድ ቪዲዮ ፊት ተቀምጠን አሠልጣኛችን አንድ ሰከንድ ላይ አቁሞ አሥር ደቂቃ ያወራል። ደስ የሚለኝ ይህ ነው። ማንም አይጮህም። «ጉልበትሽ እዚህ ነው፤ እዚህ ቢሆንስ?» ይባላል፤ አለቀ።

ክብደትም ይታሰባል። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ ቀስ ብዬ ነው የምወድቀው፤ ስለዚህ ጥብቅ ቱታ ለብሼ እርሳስ ያለው ቀበቶ እታጠቃለሁ። ትልቁ ጓደኛችን ሰፋ ያለ ቱታ ይለብሳል። አራታችንም በአንድ ፍጥነት ካልወደቅን መያያዝ አይታሰብም። ሜዳው አጠገብ የንፋስ ቱቦም አለ። ከታች የሚነፋው አየር ሰውን ያንሳፍፋል፤ ቅርጽ ለማጥራት ከሰማዩ ይሻላል፣ ስህተት ወዲያው ይታያልና። ውድ ነው ግን። ለአራት ተካፍለንም ኪሴ ተሰምቶታል። ኤርስፒድ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቡድን መቀመጫው ይህ ሜዳ ነው። እነሱ ሲለማመዱ ቆሜ አይቻለሁ። መሬት ላይ ሲራመዱ እንኳን አንዱ እግር ከሌላው አይዘገይም።

ጾመ ነቢያት ላይ ነበርኩ። የሜዳው ምግብ ቤት በርገርና እንቁላል በብዛት አለው፤ ለእኔ የቀረልኝ ድንችና ባቄላ ነው። ደግነቱ ሽሮና በሶ ይዤ ነው የመጣሁት። ማታ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽሮ ስሠራ ሽታው የጎረቤት ድንኳኖችን ሰበሰበ። ከብራዚል የመጡ ባልና ሚስት ድስቱን በዳቦ ጠረጉት። እዚህ አንድ ልማድ አለ፦ አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ለሁሉም ቢራ ይገዛል። ቡድናችን አዲስ ጥንድ ቅርጽ ስለጨረሰ ቢራው ከእኛ ነበር። ለኔ ለስላሳ ተገዛልኝ። ማንም «ለምን» ብሎ አልነዘነዘኝም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ድግስ ላይ ስንቴ ነው ስለ ጾም ማብራሪያ የሰጠሁት!

እናቴ ያደገችው ደብረ ዘይት ነው። ስልክ ደውዬ የት እንዳለሁ ስነግራት ዝም አለች። ቀጥላ «አየር ወለድ ሲወርድ እያየን ነው ያደግነው» አለችኝ። «እነሱ ታዘው ነው። አንቺን ማን አዘዘሽ?» ማንም አላዘዘኝም። ስለ ሁለቱ ፓራሹት፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ሳይፕረሱ በዝርዝር ነገርኳት። ጥሩ አድርጋ አዳመጠች። መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከመዝለልሽ በፊት የሚያይሽ ሰው አለ?»

አለ። ይህን ስፖርት የወደድኩት በዚህ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም አጠገቡ ያለውን ይፈትሻል። የደረት ማሰሪያ፣ እጀታዎች፣ ከጀርባ ያለው ፒን። የሺህ ዝላይ ሰው ለጀማሪ ጀርባውን ይሰጣል። አንድ ቀን ማጠፊያው ቤት ውስጥ አንድ ሜክሲኳዊ አጣፊ በአጠገቤ ሲያልፍ ሪጌን አይቶ ቆመ። ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እየታገለ ነበር፤ በዝላይ ነው የሚከፈለው፣ ደቂቃው ገንዘቡ ነው። የዋናው ፓራሹት መዝጊያ ክር ዳሩ መሳሳት መጀመሩን አሳየኝ። ያ ክር አውሮፕላኑ በር ላይ ቢበጠስ ፓራሹቱ ወጥቶ ከጭራው ጋር ሊጠመድ ይችላል። ሰውም አውሮፕላንም ይጎዳል። ከኪሱ ክር አወጣ፣ ለካ፣ ቋጠረ፣ በአምስት ደቂቃ ቀየረልኝ። ገንዘብ ዘረጋሁለት፤ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ። ለእናቴ በማግስቱ ደውዬ የነገርኳት ይህን ነው።

የመጨረሻው ቀን ንፋስ በረታና አብዛኛው ሰው ራሱ ቁጭ አለ። ማንም አላስገደደም፣ ማንም አልተሳለቀም። ሰሌዳው ላይ ስንንከባለል ዋልን።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለመውሰድ ቢያንስ 25 ዝላይና ፈተና ያስፈልጋል። እስከዚያ ዕቃ አትግዙ፤ ሜዳው ያከራያል። አዲስ ሙሉ ዕቃ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። እኔ ያገለገለ በ3,500 ነው የያዝኩት። ያገለገለ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የማያውቀው ሪገር ዘርግቶ ይይላችሁ። የምርመራውን ዋጋ አትሰስቱ። እኛ ሚያዝያ ላይ ኦሬንጅ ነን፤ ቅዳሜ ጠዋት ማጠፊያው ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠን ታገኙናላችሁ።