ከደረጃው ላይ፦ የሁለተኛው ሥራዬ ማስታወሻ

ባለፈው ዓመት 6 ዘፈን በስልኬ ቀድቼ በቴሌግራም ለጓደኞቼ ልኬ ነበር። ጊታሩ በደንብ አልተቃኘም። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። አራተኛው ዘፈን መሃል ላይ የፍሪጃችን ሞተር ሲነሳ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሰው ግን ወደደው። "ሁለተኛውስ መቼ ነው?" አሉኝ። እኔም እዚያች ጥያቄ ላይ 8 ወር ተገትሬ ቀረሁ።

ምን ስትሠራ ከረምክ በሉኛ። ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። ደህና ማይክ ገዛሁ። የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ከዚያ በሬን ዘግቼ እነዚያኑ 6 ዘፈኖች መልሼ ጻፍኳቸው። ቃሉ ተለወጠ እንጂ ራሳቸው ናቸው። ያችው ሦስት ኮርድ፣ ያው በቀጭን ድምፅ መብሰልሰል። 11 ዘፈን ጀምሬ አንዱንም አልቋጨሁም።

መስከረም ላይ መጻፉን ተውኩትና መስማት ጀመርኩ። አንድ ሁለተኛ አልበም መረጥኩ። ደብተርና ሄድፎን ይዤ በየማታው አንድ ዘፈን ብቻ። አልበሙ ቦን ኢቬር በ2011 የለቀቀው፣ በራሱ በባንዱ ስም የሚጠራው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። 10 ዘፈን፣ 39 ደቂቃ ገደማ።

የመጀመሪያውን አልበም ታሪክ ቤቱ ውስጥ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የቦን ኢቬር ዘፋኝና ደራሲ ጀስቲን ቨርነን ኖርዝ ካሮላይና እያለ የቀድሞ ባንዱ ፈረሰ፣ ከፍቅረኛው ተለያየ፣ ታመመ። ወደ ትውልድ አገሩ ዊስኮንሲን ተመለሰና ጫካ ውስጥ ባለች የአባቱ ጎጆ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ የበረዶውን ወራት ብቻውን ከረመ። አንድ ኤስ ኤም 57 ማይክ፣ አሮጌ ጊታር፣ ኮምፒውተር። የቀዳውን በ2007 ራሱ 500 ሲዲ አሳትሞ ለቀቀው። በ2008 ጃግጃጉዋር የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ተቀብሎ አዳረሰው።

እኔ ይሄን ታሪክ እንደ ገድል ነበር የያዝኩት። ብቸኝነት፣ ብርድ፣ አንድ ማይክ፣ ከዚያ ተአምር። ብርድ ልብሱን ስሰቅል፣ በሬን ስዘጋ፣ ጓደኛዬ "ልምጣ?" ሲለኝ "እየሠራሁ ነው" ስለው፣ ያችን ጎጆ አራት ኪሎ ሜትር ከመገናኛ ርቄ ልሠራት እየሞከርኩ ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ራሱ ግን ወደ ጎጆዋ አልተመለሰም። ይሄን ለመረዳት ነው 8 ወር የፈጀብኝ።

ከመጀመሪያው በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ። በ2008 ከወንድሙ ጋር ፎል ክሪክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የድሮ የእንስሳት ክሊኒክ ገዛ። ካደገበት ቤት ጥቂት ማይል ነው የሚርቀው። ክሊኒኩ ውስጥ አገልግሎት ያቆመ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ስቱዲዮው አብዛኛው እዚያ ገንዳ ላይ ነው የተሠራው። ስሙንም ኤፕሪል ቤዝ አሉት። በመሃሉ ከሌሎች ባንዶች ጋር ሠራ። በ2009 በወጣው አጭር ሥራው ላይ የራሱን ድምፅ በአውቶቲዩን (ድምፅን በሚያቃና ሶፍትዌር) ደራርቦ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሠራው አንድ ዘፈን ነበር። ራፐሩ ካንዬ ዌስት ያንን ሰምቶ ሃዋይ ድረስ አስጠራው። ዘፈኑም በ2010ሩ የካንዬ አልበም ውስጥ ገባ። ከጎጆ ወደ ሃዋይ!

ከዚያ ሁለተኛውን ሲሠራ ሰው ጠራ። ሳክስፎን የሚነፋው ኮሊን ስቴትሰን፣ ፔዳል ስቲል ጊታር የሚጫወተው ግሬግ ላይስ፣ እንደ ቫዮሊን ያሉትን ባለ ክር መሣሪያዎች ያቀናበረው ሮብ ሙስ። ያስገባኋቸው ድምፄን እንዲለውጡልኝ ነው ብሏል ቨርነን በጊዜው። የሚዘፍንበትን ድምፅ ማለቱ አይደለም። ብቻውን ደራሲ መሆኑን ማለቱ ነው።

ደብተሬ ላይ ይሄን ስጽፍ አንድ ነገር ፍንትው አለልኝ። የእኛ አገር ካሴት ሽፋን ላይ ሦስት ቃል አለ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሦስቱም ለየብቻቸው ባለቤት አላቸው። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ግጥምና ዜማ ነበረኝ፤ ቅንብር የሚባል ነገር አላሰብኩም። ሁለተኛውም ላይ አዲስ ግጥምና አዲስ ዜማ ነበር የምፈልገው። ይሄ አልበም ግን የቅንብር አልበም ነው። ዜማዎቹን በጊታር ብቻ ብትጫወቷቸው ከመጀመሪያው ብዙም አይርቁም። ሞክሬዋለሁ።

የመጀመሪያውን ዘፈን፣ ፐርዝን፣ ለአራት ማታ ነው የሰማሁት። በኤሌክትሪክ ጊታር ይጀምራል። ከዚያ እንደ ወታደር ሰልፍ የሚረግጥ ትንሽ ከበሮ ይገባል፣ መጀመሪያ ከሩቅ። ከዚያ ድምፆች፣ ከዚያ ነሐሶቹ (የሚነፉት የነሐስ መሣሪያዎች)፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይፈነዳል። ቃል በጣም ጥቂት ነው። ያ ከበሮ የት ጋ እንደገባ፣ ነሐሶቹ የት ጋ እንደገቡ በሰከንድ ጻፍኩ። እኔ ብሆን ሁሉንም ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሬ ነበር የማስገባው።

የዘፈኑ ታሪክም አለው። በጥር 2008 ቨርነን ሎስ አንጀለስ ከአንድ የቪዲዮ ዳይሬክተር ጋር እየሠራ ሳለ የዳይሬክተሩ የቅርብ ጓደኛ፣ ተዋናዩ ሂዝ ሌጀር፣ ይሞታል። ቀረጻው ለቅሶ ቤት ሆነ። ሌጀር የተወለደው አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው። አብዛኞቹ ዘፈኖች እንዲህ በቦታ ስም ነው የሚጠሩት፤ አንዳንዱ ቦታ አለ፣ አንዳንዱ የለም። ሁለተኛው ዘፈን "ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲን" ይባላል። ሁለቱ ጎረቤት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ "ጎንደር፣ ጎጃም" እንደማለት ነው። እዚህኛው ላይ ያን ዝነኛ ቀጭን ድምፁን ትቶ በወፍራሙ ይዘፍናል፣ ከሥሩ የስቴትሰን ሳክስፎን እያጓራ። ሦስተኛው ሆሎሲን ነው። ፖርትላንድ ውስጥ ያለ ቡና ቤት ስም ነው፣ የምንኖርበት የምድር ዘመን ስምም ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም።

መሃል ያሉትን ዘፈኖች እዘላለሁ። ስለ መጨረሻው ግን ዝም ማለት አልችልም። ቤዝ ሬስት በ1980ዎቹ የሬዲዮ ዘፈን ድምፅ ነው የተሠራው፦ የሚያብለጨልጭ ኪቦርድ፣ የሚያለቅስ ጊታር፣ ሳክስፎን። ሲወጣ ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ አለቀሰ። እኔ መጀመሪያ ከሳቁት ነበርኩ። አሁን፣ በእውነት፣ ከሚያለቅሱት ነኝ። ደግሞ እኛ በዚያ ኪቦርድ ያደግን ሰዎች በምን አፋችን ነው የምንስቀው? የልጅነቴ ሠርግ ሁሉ በዚያ ድምፅ ነው የተሞሸረው።

አቀባበሉን ባጭሩ፦ በሰኔ 2011 ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ 104,000 ቅጂ ተሸጦ በአሜሪካ የአልበም ሠንጠረዥ፣ ቢልቦርድ ላይ፣ 2ኛ ገባ፤ 1ኛዋ ጂል ስኮት ነበረች። የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጹ ፒችፎርክ ከ10 ውስጥ 9.5 ሰጠው፣ በኋላም የዓመቱ ምርጥ አልበም አለው። በየካቲት 2012 ሁለት ግራሚ ወሰደ። አንዱ የምርጥ አማራጭ ሙዚቃ አልበም ነው። ሌላው፣ አትሳቁ፣ "ምርጥ አዲስ አርቲስት" ነው። በሁለተኛ አልበሙ! መድረኩ ላይ ወጥቶም ለሽልማት ብሎ እንዳልሠራና ሽልማቱን መቀበል እንደከበደው ተናገረ። በዚያው ሌሊት ብዙ ሰው "ይሄ ደግሞ ማነው?" እያለ ስሙን አጣምሞ "ቦኒ ቤር" ብሎ ጻፈ።

አሁን ወደ እኔ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቃል አልባ መዝፈንን ነው። ቨርነን ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ ትርጉም በሌለው ድምፅ ዜማውን ይቀዳና ደጋግሞ እየሰማ፣ ድምፁ የሚመስለውን ቃል ይጽፍበታል። ሁለት ሳምንት "ናና ሌሌ" ስል ከረምኩ። ቃል ላስገባ ስል ግን አማርኛ ወጥመድ አለው፤ ማጥበቅና ማላላት። "ገና ነው፣ ገና ነው" የሚል አዝማች ነበረኝ፤ ገና አልደረሰም ለማለት። ዜማው ግን "ና" ላይ ረግጦ ይቆማል፣ ሳላስበው ይጠብቃል። ለእህቴ ባሰማት "የገና መዝሙር ነው?" አለችኝ። ዜማውን አልነካሁም። ቃሉን ጣልኩት።

ቀጥሎ ደረጃው። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ኮንዶሚኒየም። ደረጃችን ሲሚንቶ ነው፣ ሌሊት ስታስሉበት እስከ ምድር ቤት ያስተጋባል። የማይኬ ገመድ 5 ሜትር ስለሆነ ላፕቶፑን በር ላይ ዱካ ላይ አስቀምጬ ማይኩን እስከ ግማሽ ደረጃ አወረድኩት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ዞሬ በቀጭን ድምፅ መዝፈን ጀመርኩ። ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከች አሉ።

"ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?"

"ኧረ እማማ፣ እየዘፈንኩ ነው።"

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። "እንግዲህ እግዜር ያውጣህ" ብለው ወረዱ። ቅጂው ላይ አለ፤ እስካሁን አልሰረዝኩትም።

ከዚያ በኋላ ዘዴ ቀየርኩ። ድምፄን ቤት ውስጥ፣ ብርድ ልብሱ ሥር እቀዳለሁ። ከዚያ ስፒከር ደረጃው ላይ አስቀምጬ ያንኑ ድምፅ እያጫወትኩ በማይክ መልሼ እቀዳና ሁለቱን አዋህዳለሁ። ለምትሞክሩት ሁለት ምክር፦ ስፒከሩን በብሉቱዝ ሳይሆን በገመድ አገናኙት፣ ብሉቱዝ ይዘገያል። ደግሞ ከዘፈኑ በፊት አንዴ አጨብጭባችሁ ቅዱ። ሁለቱን ትራኮች ስትገጣጥሙ ጭብጨባውን በጭብጨባው ላይ ነው የምታስቀምጡት። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ እሁድ በዓይኔ ስገጣጥም ውያለሁ።

ሦስተኛው ሙከራ ሰው መጥራት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን ጋር ቴነር ሳክስፎን የሚነፋ ጎረቤት አለኝ። ቅዳሜ መጣ። "ከሲ ኖታ ጀምር" አልኩት። ጀመረ፣ አስቀያሚ ሆነ። ጊታሩን ቃኘሁ፤ አሁንም አስቀያሚ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ለካ የእሱ ሲ በእኔ ጊታር ቢ ፍላት ነው! የቴነር ሳክስፎን ኖታ ከጊታር አንድ ቶን ይለያል፤ እሱ ከመዘምራኑ ኪቦርድ ጋር በጆሮው ስለሚሄድ ቁልፍ በስም ጠርቶት የሚያውቅ የለም። ዲ በለው አልኩት፤ ልክ መጣ።

ከባዱ ግን ኖታው አልነበረም። እሱ ሶሎ ሊነፋ ነው የመጣው። እኔ የፈለግሁት ከድምፄ ሥር አራት ረጃጅም ወፍራም ኖታ ብቻ ነው። "ይሄን ብቻ? ለዚህ ነው እንዴ ቅዳሜዬን የበላህብኝ?" አለኝ። ነፋልኝ። ሁለተኛውን ዙር ስንቀዳ መስኮቱ ክፍት ነበርና ልክ ሦስተኛው ኖታ እንዳለቀ ከታች "ቁራሌው!" የሚል ድምፅ ገባ። ቁልፉ ላይ ነው የገባው፣ በማርያም። ተያይተን ሳቅን። እሱ "ይሄማ ይቀራል" አለ። ቀረ። የዘፈኑም ስም እሱ ሆነ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ "ቁራሌው"ን ለ14 ሰው ላክሁ። አምስቱ መልስ አልሰጡም። እህቴ "አሁን ዘፈን ሆነ" አለች። የሥራ ባልደረባዬ "ሳክሱ ላይ ድምፅ ጨምርበት" አለኝ፣ ልክ ነው፣ ጨመርኩ። የልጅነት ጓደኛዬ፣ "ልምጣ?" ሲለኝ የከለከልኩት ማለት ነው፣ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፦ "ወንድሜ፣ የድሮው ይሻል ነበር። ፍሪጁ ናፈቀኝ።" ሁለት ቀን ከነከነኝ። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለትና ባስ ጊታርህን ይዘህ ና አልኩት።

እስካሁን ከ7 ዘፈን 2 አልቀዋል፣ አንዱ ግማሽ ላይ ነው። የቀጣዩ ቅዳሜ ቀረጻ ደረጃው ላይ ስለሆነ እማማን ሄጄ አስፈቀድኩ። ፈቀዱ። ቡና በሚፈሉበት ሰዓት እንዳይሆንና ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ አንድ መዝሙር እንዲነፋላቸው ነው የጠየቁት። እሱም እሺ ብሏል፤ ግን ሶሎ አለበት።