የወንድሜ ልጅ ኮሎራዶ ሊመጣ ነው

ለገና ደብረ ብርሃን ገብቼ የወንድሜን ልጅ አገኘሁት። ቪዛ ተመቶለታል፤ መድረሻው ዴንቨር ነው። «ጋሼ፣ እዚያ በረዶው ላይ ተራራ ይወጣል አሉ። እኔስ እችላለሁ?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባቱ መለሰለት፦ «የመንዝ ዘር ብርድ ይፈራል እንዴ!»

ብርዱን ተዉት። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ1,200 ሜትር በላይ ትበልጣታለች። ከዴንቨር ወጣ ብሎ ያለው በርተድ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ 3,450 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም ከጓሳ አይበልጥም። ችግሩ ግን እኛ የምናውቀው ውርጭ ባቄላ ይመታል እንጂ ሰው አይቀብርም።

ናዳ ሲባል እኛ የምናስበው የክረምቱን ነው። ዝናቡ ይበዛል፣ ገደሉ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ከሥሩ የተገኘ ዕድሉ ነው። የበረዶ ናዳ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ላይ ከሚደርሰው አብዛኛው፣ ከ10 ዘጠኙ ገደማ፣ የሚነሳው በራሱ በተጎጂው ወይም አብሮት በሄደ ሰው ክብደት ነው። ወንድሜ ሳቀብኝ። «አንድ ሰው ረግጦ ተራራ ይንዳል?»

ይንዳል። በረዶው በየጊዜው እየወረደ የሚደራረብ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በወቅቱ መጀመሪያ የሚወርደው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት እንደ ስኳር ፍሬ ይሆንና እርስ በርሱ አይያያዝም። በላዩ ሌላ ይጫንበታል፤ ነፋሱም ከማዶ እየጠረገ ይጨምርበታል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት ላይ ስትገባ የሥረኛው ይከዳል፤ የላይኛው ተሰንጥቆ ይዞህ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወጣን። ሌሊቱን በረዶ ወርዶ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ለፎቶ የተሠራ ቀን! ትንሽ እንደሄድን ከእግራችን ሥር «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ሰማን። መሪያችን አንድ ቃል ሳይጨምር በመጣንበት መለሰን። ያ ድምፅ የሥረኛው ንጣፍ ሲደረመስ የሚሰማ ነው። ካፊያ እንኳ የሌለበት ቀን እንዲህ ሊያታልል ይችላል።

ለዚህ ነው ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ትንበያ የሚታየው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ በነፃ ያወጣል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ይመደባል። «ከአምስት ሦስትማ ማለፊያ ውጤት ነው!» አለ ልጁ። ብዙ ሰው የሚሞተው እኮ በሦስት ነው። በአራትና በአምስት አብዛኛው ሰው ቤቱ ይቀመጣላ!

ዕቃው ሦስት ነው፦ ሲግናል የሚልክና የሚቀበል ቢኮን፣ በረዶ ውስጥ እየወጉ የተቀበረ ሰው የሚፈልጉበት ተጣጣፊ ዘንግ፣ አካፋ። እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ይይዛል። ናዳው ሲቆም በረዶው ይጠጥራል፤ የተቀበረ ሰው ራሱን አያወጣም። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካወጡት የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቶሎ ያሽቆለቁላል። ሄሊኮፕተር ደግሞ በ15 ደቂቃ አይደርስም፤ ያለህ ጓደኛህ ብቻ ነው። አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ የሚያቋርጡትም ለዚሁ ነው፤ ሁሉም ከተቀበረ ማን ይቆፍራል?

ወንድሜ «ታዲያ ምን ያስኬደዋል፣ ቤተ ክርስቲያንና ሥራው አይበቃውም?» አለ። እኔ ይሂድ ባይ ነኝ። የመጀመሪያውን የበረዶ ወቅት ግን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ፣ ከላዩም ቀጥ ያለ ተዳፋት በሌለበት ቦታ ይራመድ። ቢኮን ይከራያል፤ አጠቃቀሙን ሳይለማመድ ግን አይውጣ።