ልጁ «የትኛውን ልያዝ?» አለኝ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ግንቦት ሲገባ የድሬ ሙቀት መጀመሪያ የሚጥለው ዩፒኤሱን ነው፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ሣጥን። በውስጡ ያለው የእርሳስ ባትሪ 25 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ኤሲው ሲያስቸግር ሰርቨር ክፍሉ ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው ይገባዋል። አዲስ ባትሪ ይገዛልን ብዬ የጻፍኩት ማስታወሻ አሁንም ግዥ ክፍል ተቀምጧል። መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አሮጌዋ ባትሪ ትችል ይሆን እያልኩ ጆሮዬ ይቆማል።

የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ለኢንተርንሺፕ የተላከልን ልጅ «ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ? ኔትወርኩን፣ ሲስተም አድሚኑን ወይስ ሴኩሪቲውን?» አለኝ። እጁ ላይ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ) ይዟል፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ሽቦ ይደረድራል። ልቡ ግን ሴኩሪቲው ጋ እንደሆነ ያስታውቃል። አልፈርድበትም፤ እኔንም ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ኬብል መግጠም አልነበረም።

ቶሎ አልመለስኩለትም። አዲስ አበባ ትልቅ ባንክ ውስጥ ሦስቱ ሦስት ክፍል ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ሦስቱም እኔ ነኝ፣ ፕሪንተሩን ጨምሮ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሒሳብ ክፍል ተደወለ፤ «ሲስተም የለም»። ይህች ቃል መብራትም ትሆናለች፣ የተነቀለ ኬብልም፣ የሞላ ዲስክም፤ ሄደው ካላዩ አይታወቅም። ልጁን አስከትዬ ሄድኩ። ትናንት ሳይጠፋ ያደረው ኮምፒውተር ይሠራል፣ ጠዋት የተከፈተው አይሠራም። አይፒኮንፊግ ብለን የኔትወርክ አድራሻውን ስንጠይቀው 192.168.1.104 አለን። የእኛ አድራሻ የሚጀምረው በ10 ነው። ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ በር) ብሎ የያዘውም 192.168.1.1 ነው፤ እንዲህ የሚባል ነገር በግቢያችን የለም።

ልጁ ግራ ገባው። ኮምፒውተር ሲነሳ አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ተቀብሎ ይቀመጣል፤ አንተ ማነህ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ያልጠራነው መሣሪያ ከእኛ ሰርቨር ቀድሞ እየመለሰ ነው አልኩት። የማክ አድራሻውን፣ ማለት የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ከሚይዘው የአርፕ ሰንጠረዥ ላይ ወሰድን፤ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች ውስጥ ገብተን የትኛው ፖርት (ቀዳዳ) ላይ እንዳለ ፈለግን። 17 ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የጉልበት ነው፤ ኬብሉን በግድግዳው ጥግ እየተከተሉ መሄድ። ኬብሉ ያበቃው የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ጠረጴዛ ሥር ነው። ከእግር ማሳረፊያዋ አጠገብ ትንሽ ነጭ የቤት ራውተር፣ የቢሮው ኬብል በዋን (ከውጭ መቀበያው) ፈንታ በላን (ለውስጥ ማደያው) ቀዳዳው ተሰክቶበት፣ ብልጭ ብልጭ ይላል።

«አቦ ምን አጠፋሁ ልጄ?» አለችኝ። «እዚህ ክፍል ስልኬ ዋይፋይ አይዝም። ስንቴ ነገርኳችሁ። አማቼ ከታይዋን ገዝቶ ሰጠኝ፣ ሰካሁት።» (ታይዋን የድሬ ገበያ ነው፤ ለሌላ አገር ሰው ብዬ ነው።) እውነቷን ነው። ሕንፃችን ከዚራ ካሉት የድሮ ቤቶች አንዱ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ኮሪደር ላይ የተከልነው ዋይፋይ እሷ ጋ ሲደርስ ያልቃል።

ልጁ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሴኩሪቲ ብሪች ነው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ሳቄ መጣ፤ ግን ልክ ነው። ፓስወርዱ ፋብሪካ የሰጠው፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ነው። ከውጭ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ማንም ሰው ሒሳብ ክፍል እንደገባ ይቆጠራል። ስዊቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ የሚባለውን የአድራሻ ዕደላ ጠባቂ አበራሁ፤ ከአሁን በኋላ ከእኛ ሰርቨር ፖርት በቀር አድራሻ የሚያድል ይታገዳል። ታዲያ ይሄ ኔትወርክ ነው? ሴኩሪቲ ነው? ለእሱም ይህን መልሼ ጠየቅሁት።

ምሳ በልተን ከተማው ሁሉ ጋደም ሲል ሎጉን ከፈትኩለት። ለኢንተርኔት ክፍት የሆነው ሰርቨራችን ላይ በፖርት 22፣ ከርቀት በሚገባበት በር፣ ሩት፣ አድሚን፣ ቴስት በሚል የተጠቃሚ ስም ለመግባት የሚሞክሩ አድራሻዎች ይግተለተላሉ። «ማነው እንዲህ የጠላን?» አለ። ማንም አልጠላንም፤ አያውቁንምም። በ2013 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ ይዘው ወጡ፤ የአይፒቪ4ን (የተለመደውን የኢንተርኔት አድራሻ) ዓለም በሙሉ ከአንድ ኮምፒውተር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያስስ። በሩ ክፍት የሆነ ሁሉ ይንኳኳል፣ ድሬም ይሁን ፓሪስ። እሱም ጎረቤት ቢሮ ላይ ልሞክረው እንዳይል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ነገርኩት። ትንሽ ቅር አለው።

ዋናክራይ የሚባለውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ቫይረስም አነሳሁለት። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን አፕዴት ያደረገ ተራ ሲስተም አድሚን ከብዙ የሴኩሪቲ ባለሙያ በላይ ሠርቷል ባይ ነኝ። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሲኤንኤ ሴኩሪቲ የሚለውን ሠርተፍኬት ለብቻው መስጠት ትቶ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሲሲኤንኤ ጠቀለለው። በሠርተፍኬት የማልምል ሰው ብሆንም ይህችን ወድጄላቸዋለሁ።

ስለ ደመወዝ ጠየቀኝ፤ ስለዚያ የምለው የለኝም። ጎበዝ የሆነው አዲስ አበባ ይሄዳል፣ አንዳንዱ እዚሁ ተቀምጦ ለውጭ ይሠራል።

የሰጠሁት ሥራ አልጣመውም። የሁሉንም ስዊች ፖርት በየተራ አይቶ፣ ጫፉ ላይ ማን እንዳለ ሄዶ አረጋግጦ፣ ኬብሉ ላይ ስም ለጥፎ፣ ኤክሴል ላይ ይመዘግባል። ምን እንዳለህ ሳታውቅ ምኑን ትጠብቃለህ? ቢሰለቸው ይሰልቸው፤ ሲጨርስ ፋየርዎሉን አብረን እንነካለን ብዬዋለሁ።

ለእትዬ ክፍል አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ ማሰራጫ) ይገዛ ብዬ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ ጽፌያለሁ፤ ከባትሪው ጎን ይሰለፍ። ራውተሩን ግን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ አዲሱ ሳይተከል አልሰጥም ብላለች። አልተከራከርኳትም።