መረሬ ላይ የቆመ ቤት በበጋ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የበጋው ድርቀት ከሰማዩ ይልቅ በመሬቱ ይታወቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምንገኝ ሙቀቱ እንደ አዳማ ወይም እንደ አዋሽ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው በእኩለ ቀን ጋቢ ቢደርብ የሚታዘበው የለም። የሚያሳስበን ቤቶቻችን የቆሙበት ጥቁር አፈር ነው። ገበሬዎች መረሬ የሚሉት ይህ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ አፈሩ በየዓመቱ አንድ ጊዜ እስከሚችለው ድረስ አብጦ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እስከሚችለው ድረስ ይኮማተራል።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በጋ የሚሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን በጋ ታኅሣሥ 26 ገብቶ መጋቢት 25 ይወጣል፤ ከእሱ በፊት ያለው ወቅት መጸው ነው። ስለ ዝናቡ የባለሙያዎቹ አከፋፈል ትክክል ነው፤ በግቢዬ የማየው ድርቀት ግን የሚሄደው ከሁለተኛው ጋር ነው፤ ምክንያቱም መረሬ በክረምት የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። ከኮንዶሚኒየሞቹ ባሻገር በተረፈው እርሻ ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚዘሩት ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ አድገው የሚያፈሩት አፈሩ ባስቀረላቸው እርጥበት ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ሲሸጥ ሳይ፣ ላዩ የደረቀ ቢመስልም የመሬቱ ውስጥ ገና እርጥብ መሆኑን አውቃለሁ። ሽምብራው ተነቅሎ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ጥር መጨረሻ ገደማ፣ ስንጥቁ ይከፈታል።

ከዚያ በፊት የሚያስቸግረን ብርዱ ነው። በሌሊት ደመና ስለማይኖርና አየሩም ደረቅ ስለሆነ፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበው ሙቀት የሚያግደው ሳያገኝ ይበተናል፤ ሊነጋጋ ሲልም ረባዳው ቦታ ላይ ውርጭ ይወርዳል። የጓሮው ጎመን ይችለዋል፤ የቲማቲሙና የዱባው ቅጠል ግን ጧት ጠቁሮ ይገኛል። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ በቆየው ልማድ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በየደጁ ሲቃጠል፣ ጭሱ እስከ ረፋድ ድረስ በሰፈሩ ላይ ተኝቶ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ላይ አይነሣም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ድርቀቱ በጥቃቅን ነገሮች ይገለጣል። በክረምት በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋው የእንጨት በር በጥር በጣት ይገፋል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጧት የተሰጣ ብርድ ልብስ ከምሳ በፊት ይደርቃል። እናቶች ይህን ወቅት መውደዳቸው ያለ ነገር አይደለም፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቋንጣው ሁሉ የፀሐዩን መጽናት ይፈልጋል። ጎረቤታችን የሆኑ እናት «የመስከረም ፀሐይ አትታመንም፤ በርበሬ ታሻግታለች» ይላሉ። የበጋዋ ፀሐይ የምትታመን ብትሆንም አቧራው አለ፤ ባልተነጠፈው የውስጥ መንገድ አሸዋና ብሎኬት የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር በስጥ ላይ ያለው በርበሬ በነጠላ መሸፈን አለበት። የአቧራውን ብዛት የምለካው በተራሮቹ ነው። በጥቅምት የረር በምሥራቅ፣ ዝቋላ በደቡብ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ በየካቲት ግን ዝቋላ ብዙውን ቀን ጨርሶ አይታይም።

ይህ ሁሉ ግን ሲያልፍ የሚረሳ ነው። በቤቱ ላይ የሚደርሰው ግን አይረሳም። ጥር ካለፈ በኋላ በግቢው ዳር የሚከፈተው ስንጥቅ እጅ የሚያስገባ ስፋት ይኖረዋል፤ ረጅም ዱላ ሲሰዱበትም መጨረሻውን ለማግኘት ያስቸግራል። ከቤቱ መሐል ሥር ያለው አፈር በጣሪያና በወለል ስለተሸፈነ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በጠርዙ በኩል ያለው ደግሞ ደርቆ ይኮማተርና ማዕዘኖቹን ይዞ ይወርዳል። በተለይ በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በደቡብ በኩል ያለው ግድግዳ ሥሩ ቀድሞ ይደርቃል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይ በሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጠርዙ ያብጥና ስንጥቁ ይጠባል፣ ወይም ሌላ ቦታ ላይ ይከፈታል። ጠንቃቃ ግንበኛ ጥቁሩን አፈር አስቆፍሮ ካስወጣ በኋላ በገረጋንቲ ሞልቶና ጠቅጥቆ መሠረት ይጥላል፤ የአጥር ግንብ ሲሆን ግን ለዚያ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ በሰፈራችን ቀጥ ብሎ የቆመ አጥር ብዙ የማይታየውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ውሃው የሚፈስበት ቦታ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ ሮቶ አለ፤ ሮቶው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በአንዱ ማዕዘን ላይ ሲሆን፣ ሌሊት ሞልቶ ሲፈስ ያንን ማዕዘን ብቻ ያርሰዋል። የልብስ እጣቢውም ዘወትር በአንድ በኩል ይደፋል። ውጤቱ አንዱ ጎን ሲያብጥ ሌላው መኮማተሩ ነው፤ ይህም ሁሉም እኩል ከመድረቁ የባሰ ነው። በእኔ አስተያየት እጣቢውን ከመሠረቱ ራቅ አድርጎ በየተራ በዛፎቹ ሥር ማዳረስ፣ በቤቱ ዙሪያም ወደ ውጭ የሚያዘነብል ሰፋ ያለ ሊሾ ማስደረግ ውድ ከሆነ የግድግዳ ጥገና ይቀድማል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧም አፈሩ ሲንቀሳቀስ በመጋጠሚያው ላይ ይለቃል፤ ሁሉ ነገር በደረቀበት በየካቲት ሣሩ ለምልሞ የተገኘበትን ቦታ ሳይዘገዩ መቆፈር ነው።

በበጋ ስንጥቅ የሚያይ ሰው ወዲያው ሲሚንቶ አስበጥብጦ ሊያስደፍነው ይቸኩላል፤ ግንበኞችም ሥራ ነውና አይከለክሉትም። የሚደፈነው ግን ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ በሰፋበት ጊዜ ስለሆነ፣ በሐምሌ አፈሩ ተመልሶ ሲያብጥ የተሞላው ሲሚንቶ መግጠሚያ ቦታ ያሳጣዋል። እኔ በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጌ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ከበጋ በጋ ጭረቱን ካላለፈ የወቅቱ እንቅስቃሴ ነውና ልስኑን ማስዋብ ይበቃል፤ እያለፈ ከሄደ ግን መሠረቱን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

የበልግ ዝናብ ሲጀምርም ነገሩ ወዲያው አይስተካከልም። የመጀመሪያው ዝናብ ምንም ያህል ቢወርድ ኩሬ አይሠራም፤ በስንጥቁ በኩል በቀጥታ ወደ ጥልቁ ይገባል፣ ላዩም ሳይርስ ይቀራል። ስንጥቁ የሚገጥመው አፈሩ ከታችም ከላይም ጠጥቶ ሲያብጥ ነው፤ በልጉ ከሳሳ ደግሞ እስከ ክረምት ድረስ እንደተከፈተ ይቆያል።

ከአጥራችን ወሰን ላይ በረድፍ የቆሙት ባሕር ዛፎች ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር በየበጋው የሚያነጋግሩን ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ማገር ሆኖ እንዳገለገለ አልክድም፤ ሥሩ ግን ከቤታችን ሥር እርጥበቱን እየሳበ ድርቀቱን ያከፋዋል። ጋሼ በበኩላቸው «ልጄ፣ ይህ ዛፍ ባይኖር አቧራው ቤታችሁን በሞላው ነበር» ይሉኛል፤ ስለ አቧራው እውነታቸውን ነው። ደግሞም ዛፎቹ በአንድ ጊዜ ቢቆረጡ ለዓመታት ደርቆ የኖረው አፈር ውሃ አግኝቶ ያብጥና ግድግዳውን ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ለቤቱ የሚቀርቡትን ብቻ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያደረግን እንድንቆርጥ፣ በመንገዱ በኩል ያሉት ግን እንዲቆዩ ሐሳብ አቅርቤላቸው ተስማምተዋል፤ የሚቆረጠው ግንድ የማን ይሁን የሚለው ግን ገና አልተቋጨም።