ከእሱ ሱቅ አትግዙ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ፣ እኛ ሰፈር የሚወራው አንድ ባለሱቅ ፌስቡክ ላይ ስለጻፈው ነገር ነው። ምን እንዳለ እዚህ አልደግመውም። እኔን አላስደሰተኝም፣ ሌላውን ደግሞ አንገብግቦታል። ማታውኑ የሰፈሩ ልጆች ቴሌግራም ላይ «ከእሱ ሱቅ ማንም እንዳይገዛ» የሚል መልእክት ለቀቁ።

በመርህ ደረጃ አልከፋኝም። ብሩ የኔ ነው። ዘይት ከማን እንደምገዛ የሚያዘኝ የለም። እሱ ይናገራል፣ እኔ ሱቁን አልፌ እሄዳለሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነት ሰጠው እንጂ ደንበኛ አልሰጠውም።

አሜሪካኖቹ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተነታርከዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የዶሮ ሳንድዊች ሻጩ የቺክ-ፊል-ኤ ኃላፊ ዳን ካቲ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እንደሚቃወም ተናገረ። ገሚሱ «ከእንግዲህ አንበላም» አለ። ገሚሱ ደግሞ ድጋፉን ሊያሳይ ረጅም ሰልፍ ይዞ በላ። እስከዚህ ድረስ የገዢና የሻጭ ጉዳይ ነው። የቦስተኑ ከንቲባ ቶማስ ሜኒኖ ግን ኩባንያው ለከተማቸው እንደማይሆን ደብዳቤ ጻፉ። ቺካጎ ውስጥም አንድ የምክር ቤት አባል ፈቃድ እንደሚያግድ ዛተ። እኔ አለመግዛቴና ንግድ ቢሮ ፈቃድ መንጠቁ ለየቅል ናቸው። ነገ ቀበሌያችን ይህን ባለሱቅ በጻፈው ምክንያት ላሽግ ቢል ከፊት ሆኜ ከሚቃወሙት አንዷ ነኝ።

ደግሞስ ማኩረፉ ምን ያህል ይጎዳል? በ2020 እ.ኤ.አ. የምግብ አምራቹ የጎያ ኃላፊ ትራምፕን አወደሰ ተብሎ ዘመቻ ሲከፈትበት፣ ደጋፊዎቹ ጭራሽ በካርቶን ገዙለት። ያም ግርግር በሳምንታት ውስጥ በረደ።

እኛም አገር ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በቴዲ አፍሮ ስም በተሰራጨ፣ እሱ ግን «አላልኩም» ባለው ንግግር የተነሳ በበደሌ ቢራ ላይ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር። ፋብሪካው ለኮንሰርቶቹ ሊሰጥ ያሰበውን ድጋፍ ተወ። ለዚህ ነው የተቆረጠ ስክሪንሾት ሲላክልኝ ቶሎ የማልቆጣው። የኛው ባለሱቅ ግን አልካደም። «ጽፌአለሁ፣ አላነሳም» ብሏል። ለዚያስ አደንቀዋለሁ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ከሱቁ ማዶ ቆመው ማን እንደገባ ማን እንደወጣ በስልክ ይቀርጻሉ። ጎረቤቴ እማማ ትናንት ቡና ላይ ሲያወሩ ንዴታቸው አልበረደም ነበር።

«ወላሂ ልጄ፣ እሱ እስከ ወር መጨረሻ በዱቤ ይሰጠኛል። እነዚህ ጎረምሶች ይሰጡኛል?»

ምን ልበላቸው? ለኔ ሱቅ መቀየር ማለት መንገድ ተሻግሮ መግዛት ነው። ለሳቸው ግን ዱቤ የሚሰጣቸው ሌላ ሰው የለም። እዚያው ሱቅ ዕቃ የሚያወርደው የወረኢሉ ልጅም አለ። የጌታውን ፖለቲካ ይደግፍ ይቃወም ማንም አልጠየቀውም፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ የሚሰናበተው እሱ ነው።

እኔ ለጊዜው ከሌላ ሱቅ ነው የምገዛው። ሐሳቤ ነው፣ አልደበቅኩትም። እማማን ግን «አብሽሩ፣ የፈለጉትን ይዘዙኝ፣ ከእሱው ሱቅ ገዝቼ አመጣልዎታለሁ፣ እኔን ይቅረጹኝ» ብያቸዋለሁ። ይህንኑ ማታ ቴሌግራሙ ላይ ጻፍኩት። አንዱ የሚስቅ ፊት ላከ። ሌላው «አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» አለኝ። ነገ ለእማማ ስኳርና ሁለት ሳሙና አለብኝ።